ከዳዊቱ ማዶ

ማንበብ እችል ነበር። አይችልም ብለው አባረሩኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በአገሬ ሰው ፊት ውሸታም ተብዬ ኖርሁ። በደሌ ይኸው ነው፤ ማሳመሪያ የለውም።

ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ ልጆቼ ናቸው። ሁለቱ ዘንድሮ ለማትሪክ ይዘጋጃሉ። ቤቱ በደብተር ተሞልቷል፤ ወንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሴቷ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ታነባለች። መጽሐፍ ለየራሳቸው አላቸው፤ መብራት አላቸው፤ ወንበር አላቸው። እንዲያም ሆኖ «አባዬ፣ ዘንድሮ ፈተናው ይከብዳል አሉ» እያሉ ያለቅሱብኛል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ምን ይከብዳል? መጽሐፉ ወደ እናንተ ዞሮ የለም እንዴ?» አልኋቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። አስረዳን አሉኝ፤ ስጀምር ሳቁ፤ ሲስቁ ተናደድሁና ተውሁት። በማግሥቱ ልጅቱ ደብተርና እርሳስ አምጥታ «እንግዲያው ጻፈው፤ ስታወራው ትቆጣለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጻፍሁት።

ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ገበሬ ነበርሁ። አባቴ ከአምስት ልጆቹ አንዱን እንኳ ለየኔታ አልሰጠም። «የሚያነብ እጅ ሞፈር አይዝም» ይል ነበር። ሞፈሩን ለእኛ ሰጥቶ እሱ ዋንጫ ያዘ። ነፍሱን ይማር፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። አገራችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ከተማ ዳር ነው። ያኔ ይህ ስም ገና አልወጣላትም፤ ወጀት ነበር የምንላት።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ ግንድ ሲፈልጥ መጥረቢያው አመለጠውና እግሩን መታው። ደሙ ቆመ፤ ቁስሉ ግን አልዳነም። ቅጠል አደረግንበት፤ ቅቤ አቅልጠን አፈሰስንበት፤ ጠበል ወሰድነው። በሦስተኛው ሳምንት እግሩ ሸተተ። ሊጠይቀው የሚገባ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ላለመያዝ ሲታገል አያለሁ፤ ወንድሜም ያያል። በመጨረሻ ቃሬዛ አሰርን፤ ስምንት ሰው ሆነን እየተቀባበልን፣ በማንኩሳ በኩል፣ ቡሬ አደረስነው። ቡሬ ላይ ጣልያን ሰፍሮ ሐኪም ቤት ከፍቷል። ከጣልያን ደጅ መሄዳችንን ያልወደደ ብዙ ነበር። እኔም አልወደድሁትም። ነገር ግን የሚሸተው የሌላ ሰው እግር አልነበረም።

ቁስሉን ያጠበው ከሐማሴን የመጣ አንድ ቀጭን ሰው ነበር። ሸማኔ ያልሠራው ነጭ ልብስ ለብሷል። «ሳፋውን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ይቅር፤ ሌላው ይውጣ» አለ። ሌላው ደስ ብሎት ወጣ። እኔ ቀረሁ። ያ ሰው የሞተውን ሥጋ በመቀስ እየቆረጠ ሳፋው ውስጥ ይጥላል፤ ወንድሜ ጥርሱን ያፋጫል፤ እኔ ሳፋውን ይዣለሁ። ሲጨርስ በፋሻ ጠቀለለውና ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አለኝ።

«ምን ብሎ ይንቀጠቀጣል? የሚቆረጠው የሱ እግር ነው» አልሁት።

ወንድሜ በሕመሙ መካከል ሰደበኝ። ሐማሴኔው ሳቀ። «ፊደል ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ያሳዝናል። ብታውቅ እዚሁ ለትምህርት ያስገቡህ ነበር። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ይፈትናሉ። አንድ ወረቀት ነው፤ ለሁሉም ያው ወረቀት። ያን ያነበበ ይገባል፤ ቁስል ማጠብ፣ መድኃኒት መለየት፣ መርፌ መውጋት ይማራል። ያላነበበ ወደ በሬው ይመለሳል።»

ወንድሜ ሦስት ጣቱን እዚያ ትቶ በአርባኛው ቀን በእግሩ ተመለሰ። እኔ ግን በልቤ ከዚያ ሳፋ አጠገብ ቀረሁ። በእኛ አገር በእሾህ የሞተ ሰው አውቃለሁ፤ በማጭድ ጭረት የሞተች ሴት አውቃለሁ። እንደዚህ ያለውን ነገር በውኃና በጨርቅ የሚያስቆም ሥራ አለና፣ እጄም ለዚያ ይሆናል ተብያለሁና፣ ከዚህ በኋላ ሌላ አልፈለግሁም። መሰናክሉ አንድ ወረቀት ነበር።

ወደ ሰፈራችን ማርያም ሄድሁ። የኔታ ከግቢው ወይራ ሥር፣ በአጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጅ ነሣሁ።

«የኔታ፣ ፊደል ያስቆጥሩኝ።»

«ማንን? ልጅህን?»

«እኔን።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ጢምህን ምን እናድርገው?»

«እሱም አብሮኝ ይቁጠር።»

ሳቁ። መሳቃቸው ፈቃድ ነበር። ጠዋት ጠዋት እስከ ረፋድ እንድማር፣ በዚያ ለውጥ ማሳቸውን እንዳርስላቸው ተስማማን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ጣልያን በሌላ አገር ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ የሚል ወሬ ሲመጣ የደብሩ ሰዎች መጻሕፍቱን ሁሉ በቆዳ ጠቅልለው ዋሻ አስገብተዋል። ዋሻው የት እንደሆነ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ውጭ የቀረው የየኔታ የራሳቸው አንድ ዳዊትና ፊደልና መልእክተ ዮሐንስ የተጻፉበት አንድ ቁራጭ ብራና ነው። ተማሪዎቹ አራት ነን። ስለዚህ ብራናው ወይም ዳዊቱ በአጎዛው መካከል ይዘረጋል፤ እኛ ዙሪያውን እንቀመጣለን። ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው የየኔታ የእኅት ልጅ ነው። በቀኝና በግራ ሁለት የቄስ ልጆች ናቸው። ኋላ የመጣ ማዶ ይቀመጣል። ኋላ የመጣሁት እኔ ነኝ። እግሬም ረጅም ስለሆነ ከማዶ በኩል መዘርጊያ ነበረው። ማዶ ተቀመጥሁ።

የኔታ እኛን የሚያርሙን በጆሯቸው ነው። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ፤ ያዳምጣሉ። ዳዊቱ ከነድምፁ በሆዳቸው ስላለ መጽሐፉን ማየት አያስፈልጋቸውም። የተሳሳተ ድምፅ ሲሰሙ መቋሚያው በራሱ ይመጣል። ለእኔ ግን አክብረው መሬቱን ነበር የሚመቱት። ልጆቹ በዚህ ይናደዱ ነበር። አንደኛው የቄስ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በተሳሳትሁ ቁጥር ከንፈሩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «አያ፣ እሷ እኮ ‹ሎ› ናት፤ ትናንትም ነግሬዎታለሁ» ይለኛል። በትሕትና ነው የሚለኝ። ትሕትናው ነበር የሚያቃጥለኝ።

ፊደሉን በሁለት ወር ጨረስሁ። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን ፊደል በፊደል እየለቀምሁ፣ ቀጥሎ በዜማ እያወረድሁ፣ ቀጥሎ በቁም ንባብ እንደ ንግግር አነበብሁ። ክረምቱ ሲወጣ ዳዊት ገባሁ። ከልጆቹ የፈጠንሁት ጭንቅላት ኖሮኝ አይደለም፤ ጊዜ ስላልነበረኝ ነው። ማሳ ላይ ሆኜ በሬዎቹን ሳዞር እደግማለሁ። በሬዎቹ ዳዊት ለምደው ነበር።

ቤት ግን የማነበው አጣሁ። ኋላ መፍትሔ ተገኘ። የጣልያን አውሮፕላን ወረቀት ይበትን ነበር፤ በአማርኛ የታተመ፣ ግቡ፣ መሣሪያ አስረክቡ፣ ምሕረት አለ የሚል። ሰዉ በርበሬና ጨው ይቋጥርበታል። እኔ እየለመንሁ ሰበሰብሁት። «ወረቀቱን ስጪኝ፤ ጨውሽን በቅጠል ቋጥሪ» እያልሁ ገበያ ላይ የተጣላኋት ሴት አለች። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ጫፉ ላይ የወፍ ማኅተም ነበረበት፤ ወፏ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ። የሞተ አሞራ ትመስለኝ ነበር። ጣልያን ለምን የሞተ አሞራ እንዳተመ አልገባኝም፤ ደስ ግን ብሎኛል። በቤቴ ፊደል የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ «ኧረ እንዲህ አይደለም» ያለኝ የለም።

ከጫካ ያሉት አርበኞች ነገሩን ሰምተው ኖሯል። የሚስቴ ወንድም ከእነሱ ጋር ነበር። ጤፍ ስናበራይ በጠራራ ፀሐይ መጣና ዐውድማው ዳር ቆመ።

«ለጣልያን ልታድር ነው አሉ።»

«ቁስል ላጥብ ነው» አልሁት።

ሣሩን በእግሩ ሲነካካ ቆየ። «እኛም ዘንድ ቁስል አለ» አለና ሄደ። እንደ ማስጠንቀቂያም እንደ ፈቃድም ነበር። በኋለኛው ጊዜ ፋሻው የት የት እንደደረሰ እዚህ አልጽፍም። ባንዳ ነበርህ የሚለኝ ካለ ግን መጥቶ ይጠይቀኝ፤ አድራሻዬን ያውቀዋል።

የ1931 ጥምቀት እንዳለፈ ስንቄን በሶ ይዤ ቡሬ ገባሁ። ከሐኪም ቤቱ ደጅ ወደ ሠላሳ የምንሆን ወንዶች ተሰብስበናል፤ ከሽንዲ የመጣ አለ፣ ከደምበጫ የመጣ አለ። አብዛኛው ቆሎ ተማሪ ነው፤ ቅኔ የጀመረም አለበት። እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ የገባው ሲወጣ ይከቡታል። «ምን ይላል ወረቀቱ?» ይሉታል። የወጣው ሁሉ ያስታወሰውን ይናገራል። ለሁሉም ያው ወረቀት ስለሆነ፣ ተራዬ ሳይደርስ እኔም ሳልፈልግ የመጀመሪያውን መስመር ሰምቼው ነበር፤ ስለ ንጽሕና፣ እጅን ስለ መታጠብ ነው።

ስሜ ተጠርቶ ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ማዶ ጣልያኑ ሐኪም ተቀምጧል፤ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከእኔ በስተቀኝ፣ አስተርጓሚው። አገሬው ነው፤ የእኔ እኩያ ነው፤ ኮት ለብሷል። ሐማሴኔው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሲያየኝ ፈገግ አለ። አስተርጓሚው ወረቀቱን ሰጠኝ።

ተቀበልሁና እንደ ልማዴ አዞርሁት። ማንበብ ጀመርሁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አስተርጓሚው። «ወረቀቱን ገለበጥኸው እኮ!»

«አልገለበጥሁትም፤ አቃናሁት» አልሁት።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይስቃል። አስተርጓሚው ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አዙሮ ሰጠኝ። አየሁት፤ ፊደል አይመስልም። የጫጩት ጭረት ነው የሚመስለው። መልሼ አዞርሁትና ቀጠልሁ፤ እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ አንድ ፊደል ሳልስት አነበብሁት። በዚህ መካከል አስተርጓሚው ለሐኪሙ በጣልያንኛ ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

«በቃ፤ ውጣ» አለኝ አስተርጓሚው።

«አልጨረስሁም።»

«ጨርሰሃል።»

«ሌላ ወረቀት ስጡኝና አንብቤ ላሳያችሁ።»

«ለሁሉም አንድ ነው። ሕጉ ነው» አለና ቀጣዩን ስም ጠራ።

ሐማሴኔው ተከትሎኝ ወጣ። አሁን ፈገግታ የለውም። «ምን አለው?» አልሁት። ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ያዝሁት። «ፊደል አያውቅም፤ ከፊቱ ከወጡት ሰምቶ በቃሉ ያጠናው ነው፤ ገልብጦ መያዙ ምስክር ነው አለው» አለኝ። ቀጥሎም «ወንድሜ፣ እኔ እንኳ ይህን ብሰማ አምናለሁ። ለምን ገለበጥኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የገለበጥሁ አልመሰለኝማ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወጀት ደረሰ። ማንኩሳ ላይ ያደረ አንድ ነጋዴ አድርሶልኛል፤ እግሩ ይሰበር። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ስሜ ተለወጠ። ዐውድማ ላይ «አያ ገልባጩ፣ እስቲ ይህን ቁና ገልብጥልን» ይሉኛል። ደቦ ላይ ጠላ ሲቀዳ «ለእሱ ዋንጫውን ደፍታችሁ ስጡት» ይላሉ። ወንድሜ፣ ያ ቁስሉ ሲቆረጥ ሳፋ የያዝሁለት፣ መጀመሪያ ተጣላልኝ፤ ኋላ አብሮ ሳቀ። ሚስቴ ብቻ ናት ያልሳቀችው። አንድ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለእኔ እውነቱን ንገረኝ፤ ታነባለህ?» አለችኝ። ከቡሬው ይልቅ ይህ ነው ያቆሰለኝ። አሥር ወር ሙሉ ፊቷ ሳነብ ኖሬ!

ወደ የኔታ የሄድሁት ልጣላቸው ነው። ከእጅ መንሣት በፊት ነው የተናገርሁት፤ ያ ድፍረቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«የኔታ፣ ያስተማሩኝ ምንድን ነው? ፊደል አይደለም አሉኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«ወረቀቱን ገለበጥህ አሉኝ።»

«ለምን ገለበጥኸው?»

«እንዲያ ነዋ የሚነበበው!»

ዓይናቸውን ገለጡ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጡና ሰጡኝ። «አንብብ» አሉኝ። አዞርሁት፤ አነበብሁ። ቆይተው ልጆቹን ጠርተው በየቦታቸው አስቀመጡና ዳዊቱን ለቀኙ ልጅ ብቻውን ሰጡት። ያ «አያ፣ እሷ ‹ሎ› ናት» የሚለኝ ልጅ መጽሐፉን አጋድሞ ያዘው። የግራውም እንዲሁ አጋደመው፤ ወደ ሌላኛው ወገን። ቀጥ አድርጎ የያዘው የእኅታቸው ልጅ ብቻ ነበር።

የኔታ ዳዊቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «መጽሐፍ ሳለ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነበር የሚማረው» አሉ። «አንድ ሲቀር እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። ዓይኔን ጨፍኜ አስተማርኋችሁ።» ከዚያ ለእኔ፣ «ቁጣህ ይገባል፤ ግን ተቀመጥ» አሉኝ።

ተቀመጥሁ፤ በዚህ ጊዜ ከፊት ለፊት። የኔታም ሥርዓቱን ለወጡት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁላችንም አንድ ቦታ ወደ ቀኝ እንድንዛወር አዘዙ። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ወደዱት። ለእኔ ግን እንደ አዲስ መወለድ ነበር፤ አዲስ መወለድ ደግሞ ለሃያ ሰባት ዓመት ሰው ደስ አይልም። ሲቃና «በ» የሆነችው ለእኔ «ሀ» ትመስለኛለች፤ «ሀ» ደግሞ «በ»። አንድ ቃል ላይ ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል። ያን ጊዜ በስርቆት ራሴን ወደ ጎን ሳዘነብል የኔታ መቋሚያውን ከመሬቱ ወደ ትከሻዬ አዛወሩት። አክብሮቱ እዚያ ላይ አበቃ። አሁን ዓይናቸውን ገልጠው ነበር የሚያስተምሩት።

ቤትም የአውሮፕላኑን ወረቀቶች አውጥቼ በትክክላቸው ደረደርኋቸው። አሞራዋ በእግሯ ቆመች። እውነት ለመናገር ቅር አለኝ።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ታረሰ፣ ተዘራ፣ ታጨደ። መስከረም ላይ ቀስ እያልሁ ቀጥ አድርጌ አነብ ነበር፤ ለገና ደኅና ሆንሁ። የማልረሳው አንድ ነገር አለ፤ የድሮውም አልጠፋም ነበር። በቀኝ ብቀመጥ፣ በግራ ብቀመጥ፣ ማዶ ብቀመጥ፣ መጽሐፉ አንድ ሆነልኝ። ይህ ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም። የሚቆጨኝ የባከነው ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ጎረቤታችን የምትኖር ሴት በጡት ቁስል ሞታለች። ባጥባት ኖሮ ትድን ነበር አልልም። ቢያንስ የማጥብ ሰው እሆን ነበር።

ዳግመኛ ቡሬ ስሄድ ለማንም አልተናገርሁም። ሚስቴ ግን በሶውን ስትቋጥር አወቀች። «ቀጥ አድርገህ ያዘው» አለችኝ። ያን ብላ ዘወር አለች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይነቃነቃል። እኔም ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሐኪም፣ ያው አስተርጓሚ። ሐማሴኔው ከበሩ አጠገብ ነው፤ እንዳላየኝ ሆኖ ወለሉን ያያል። እኔ ቆሜያለሁ፤ በመካከላችን የስም ዝርዝሩ ያለበት ሰፊ ወረቀት ተዘርግቷል። ሐኪሙ አማርኛ ስለማያነብ ተራ ቁጥሩ አጠገብ ምልክት ያደርጋል።

«አንተ ገልባጩ ነህ?» አለ አስተርጓሚው።

«ነኝ።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። ጥጉ ላይ የዘይት ጠብታ አለበት፤ ያምናው ራሱ ነው። ቀጥ አድርጌ ያዝሁት። እጅን ስለ መታጠብ የሚለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልፈጥን፣ ሳልደናቀፍ፣ አነበብሁ። ጨርሼ አስቀመጥሁት። ሐኪሙ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው አጭር ነገር ተናገረ፤ ሐኪሙም እንዳምናው ራሱን ነቀነቀ።

«ያው ወረቀት ነው» አለኝ አስተርጓሚው። «ዓመቱን ሙሉ ስታጠናው ከርመሃል። አያያዙን ብቻ አስተካክለሃል።»

«ሌላ ስጡኝ።»

«ለሁሉም አንድ ነው ብዬሃለሁ አምና።»

ከዚያ ቀጣዩን ሊጠራ ወደ ዝርዝሩ ተመለከተ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ዝርዝሩ የተዘረጋው ወደ ሐኪሙ ዞሮ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ በጫፍ ነው የተቀመጠው፤ ለእሱ ጽሕፈቱ ተጋድሟል። አላዞረውም። አንገቱንም አላዘነበለም። እንደተጋደመ፣ ሌላ ሰው ቀጥ ያለውን እንደሚያነብ፣ ስሙን አነበበ። እንዲህ የሚያነብ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ «አያ» ሲለኝ ነበር፤ እኔ ራሴም ማክሰኞ ስንዛወር ጎኑ ሲደርሰኝ ሆኜዋለሁ።

ያውቅ ነበር። እሱም መጽሐፍ ባነሰው ደብር ከጎን ተቀምጦ የተማረ ነው፤ አምና ወረቀቱን ስገለብጥ ከየት እንደመጣሁ ያውቅ ነበር።

«ጌታዬ» አልሁት፤ ድምፄን አላነሣሁም። «እርስዎ ከዳዊቱ በስተቀኝ ነበር የሚቀመጡት?»

ጣቱ ስሙ ላይ እንዳለ ቀረ። «ምን አልህ?»

ከቆምሁበት ሆኜ ጣቴን ዝርዝሩ ላይ አሳረፍሁ። ለእኔ ተገልብጧል፤ ያደግሁበት ወገን ነው። ከላይ ጀምሬ፣ ማለት ለእኔ ከታች፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ከነአባታቸውና ከነአገራቸው ጮክ ብዬ አነበብሁ። የሽንዲውን አነበብሁ፤ የደምበጫውን አነበብሁ፤ ከግሽ ዓባይ የመጣ አንድ ነበረ፣ እሱንም። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ሐማሴኔው ከበሩ ተነሥቶ ቀረበ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ስሜ ነው። የሰው እጅ የጻፈውን ስሜን አይቼ አላውቅም ነበር። አነበብሁት። ቀጥሎ አጠገቡ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ እሱንም አነበብሁት።

«አምና የወደቀ። ፊደል የማያውቅ።»

ሐኪሙ ምን እንዳልሁ ጠየቀ። የመለሰለት ሐማሴኔው ነው፤ ወረቀቱን እያሳየ፣ ጣቱን ከስሜ ወደ እኔ እያመላለሰ ተናገረ። ሐኪሙ ዝርዝሩን አንሥቶ ወደ እኔ አዞረው፤ መልሶ ወደ ራሱ አዞረው፤ ተመለከተኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ለአስተርጓሚው አንዲት ቃል ጣለለት።

አስተርጓሚው ብዕሩን ነከረ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁትም፤ እስከ ዛሬም ከልቤ አልማርሁትም። ብቻ፣ ሐኪሙ እንዳይሰማው ይመስል፣ አንገቱን ሳያነሣ፣ «በስተግራ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ መስመር ሰረዛቸው፤ በላያቸው «ገብቷል» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ቀኑን። እኔም ከማዶ ቆሜ፣ እንደተገለበጠ፣ አነበብሁት፦ ጥር 13 ቀን 1932 ዓ.ም.